የድሬ ልጅ ቤተ መንግሥት ሲገባ

ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. — ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል ተብዬ ነበር። የተነሳው ለ1 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። ቲኬቱ 1,300 ብር። ባቡር ለምን አልያዝክም የሚለኝ አይጠፋም። አዲሱ ባቡር ከድሬም ከአዲስ አበባም ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። ሻንጣ ተሸክሜ ሁለት ጊዜ ታክሲ መለመን አላሰኘኝም።

የሄድኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛዋ አክስቴ ናት። "ሳልሞት ናልኝ" ማለት ከጀመረች ዓመታት አለፉ፤ ደግነቱ እስካሁን ከእኔ ትጠነክራለች። ሁለተኛው የማየት አምሮት ነው። የአዲስ አበባ የድሮ ቤተ መንግሥቶችና አዳራሾች ታድሰው ተከፈቱ ሲባል በቴሌቪዥን አያለሁ። እኛ ከተማ መሀል ደግሞ የባቡር ጣቢያው አለ፤ ምን ይሁን እየተባለ ሲወራበት ነው የሚኖረው። አስተማሪ ነኝ፣ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ነበርኩ። ሄጄ በዓይኔ ልየው አልኩ።

ደንገጎን ስንወጣ ድሬ ከነሙቀቷ ታች ቀረች። ቁልቢ ላይ ግማሹ ተሳፋሪ አማተበ። ምሳ ጭሮ በላን። የፍየል ጥብሱ 480 ብር ነው፤ አብዛኛው አጥንት። ከሚኤሶ ትንሽ እልፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው አለ፣ ክሪኩ የለም። ረዳቱ መኪና ሊለምን አስፋልት ዳር ቆመ፣ እኛ ግራር ሥር ተቀመጥን። ሁለት ግመል ጠባቂ ልጆች በጀሪካን ወተት ይዘው መጡ፣ ኩባያው 50 ብር። ጨው ጨው የሚል፣ ጭስ ጭስ የሚሸት፣ ልክ እንደምወደው። አጠገቤ የነበረች የአዲስ አበባ ልጅ አንዴ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። የእሷንም ጠጣሁላት።

የጥላው ሥር ወሬ በሙሉ ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ነበር። አንድ የመተሐራ ሰውዬ የቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ ምን ያህል እንደሆነ በክንዱ እየለካ አሳየን። "እግዜር ያውቃል እንጂ እኛ እንቅልፍ ከተውን ቆየን" አለ። በመጨረሻ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሞ ክሪክ አዋሰን።

ቃሊቲ የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከዚያ ጉርድ ሾላ ድረስ በስልክ የጠራሁት ታክሲ 620 ብር ጠየቀኝ። አቦ! በዚህ ብር ድሬ ላይ ባጃጅ ከሰዓቱን ሙሉ ያዞረኛል።

እሑድ፣ የካቲት 16 — ፒያሳ

ቅበላ ነው። አክስቴ ለቁርስ ክትፎ፣ ለምሳ ዶሮ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ "ይቺን ብቻ" እያለች የተረፈውን ታጎርሰኛለች። ነገ ጾም ይገባል፣ ፍሪጁ ባዶ መሆን አለበት። መነሳት አቅቶኝ ሳለ የአክስቴ ልጅ ጎትታ ፒያሳ ወሰደችኝ።

የማውቀውን ፒያሳ ፈለግኩት። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር የለም። 2016 ላይ ነው የፈረሰው። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መንገድ ጸድቷል፣ መብራቱ ሞልቷል። እውነቱን ለመናገር መራመዱ ድሮ እንደዚህ አይመችም ነበር። ግን ተማሪ ሆኜ ጥብስ የበላሁበት ቤት ያለበትን ቦታ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ ሣር ላይ ቆሜ ነበር ለካ።

ማዘጋጃ ቤቱ ግን አለ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የሚባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት የሠራው፣ በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው ሕንፃ ነው። በቅርብ ዓመታት ታድሷል። እኔን የገረመኝ እድሳቱ አይደለም፣ ዛሬም ማዘጋጃ ቤት መሆኑ ነው። ንጉሥ ሄደ፣ ደርግ ሄደ፣ ከንቲባው ግን እዚያው ነው። ወረድ ብሎ ያለው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም እንደዚያው። በ2007 እሳት ክፉኛ በላው፣ ዛሬም ሆቴል ነው።

የመንግሥት ቤት ሲያረጅ ቅርስ ይባላል፣ የድሃ ቤት ሲያረጅ ያረጀ ቤት ይባላል አልኳት የአክስቴን ልጅ። ሳቀችብኝ። "አንተ ድሬ ተቀምጠህ ነው የምትናፍቀው። እዚያ ሰፈር ለአሥር ቤት አንድ ሽንት ቤት እንደነበር ታውቃለህ?" አለችኝ። ጓደኛዋ እዚያ ነው ያደገችው። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፣ ግን ሐሳቤንም አልቀየርኩም። ቡና ጠጥተን ተመለስን። ሲኒው 40 ብር፣ ያውም ያለ ፈንድሻ።

ሰኞ፣ የካቲት 17 — ስድስት ኪሎ

ከጉርድ ሾላ ሁለት ታክሲ። የየካቲት 12 ሐውልት ሥር የሰሞኑ የአበባ ጉንጉኖች ደርቀው ተደርድረዋል። ሐውልቱና ዩኒቨርሲቲው በር ለበር ናቸው፤ ይህ በአጋጣሚ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት ዛሬ ተማሪ ደብተር ይዞ በሚመላለስበት በዚሁ ግቢ ነው። ያኔ የጣሊያን እንደራሴ መቀመጫ ነበር፤ ከዚያ በፊትም በኋላም የንጉሡ፣ የኃይለ ሥላሴ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት።

በሩ ላይ ተፈትሼ ገባሁ። ቤተ መንግሥቱ ከውጭ ሲታይ ያን ያህል ግዙፍ አይደለም። የሐረር ሀብታሞች ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ ፎቅ ይሠራሉ። ፊት ለፊቱ ግን አንድ ነገር አለ፤ ወደ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ፣ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ወጥቶ አየር ላይ የሚያልቅ። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት። እያንዳንዱ መርገጫ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ያለፈ አንድ ዓመት ነው። ነፃነት ሲመለስ አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። እኔ ስደርስ ሁለት ልጆች ሥሩ ቁጭ ብለው ስለ ፈተና ይጨቃጨቃሉ። አንድ ሐውልት ማፍረስ የፈለገ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይቺን ደረጃ ቢያይ ጥሩ ነው።

ውስጡ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። የመግቢያው ለአገር ሰው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። አንደኛ ፎቅ ላይ ያለው ትርኢት በብሔር ወይም በክልል የተከፋፈለ አይደለም፤ ከልደት ይጀምርና በልጅነት፣ በጋብቻ፣ በሥራ አድርጎ ሞት ላይ ያልቃል። ወደድኩት። የሐመር ልጅና የመንዝ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ይጫወታሉ። ከዚያ አንድ በር ሲያልፉ በድንገት የጃንሆይ መኝታ ክፍል ይመጣል። አልጋው፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ ሰማያዊው ሸክላ። ያን ሁሉ ፎቶግራፍ አይቼ የጠበቅኩት ሌላ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ከአክስቴ ኮንዶሚኒየም ብዙም አይለይም።

የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥትም እዚሁ ነው ያለቀው። የነዋይ ልጆች፣ መንግሥቱና ገርማሜ፣ ሹማምንቱን ሰብስበው ያሰሩት እዚህ ቤት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። የመጨረሻው ሰዓት ላይ ተተኮሰባቸው። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ ሌሎችም እዚያው ወደቁ። ንጉሡ ከዚያ በኋላ በቤቱ መኖር አልፈለጉም ይባላል። ያደረጉት ነገር ግን የተረጋገጠ ነው፤ በ1954 ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ቤቱን ከለቀቁ ስድሳ ዓመት አልፏል፣ እኔ ካየኋቸው ሁሉ ግን ሕይወት ያለው ቤት ይሄ ነው። ያደሰው አዋቂ ስላለ አይመስለኝም። እንዲያውም አንዳንድ ቦታ ቀለሙ ተልጧል፣ ወለሉ ያቃስታል። ግን ጠዋት የሚከፍተው፣ ማታ የሚዘጋው፣ ውስጡ የሚያነብ፣ ጣሪያው ቢያፈስ "ኧረ!" የሚል ሰው አለው።

አንዲት አስጎብኚ ልጅ ጥያቄ ሳበዛባት "ጋሼ፣ ጋዜጠኛ ነህ?" አለችኝ። የድሬ ሰው ነኝ አልኳት። "እሱ ይብሳል" አለች።

ምሳ በሩ ፊት ለፊት ካለ የተማሪ ቤት በላሁ። የጾም በየዓይነቱ 150 ብር፣ ሽሮው ለብቻው 110። ጾሙ የገባው ዛሬ ነው፣ እንጀራው ላይ ግን የሳምንት ጾመኛ ያህል ተጫንኩት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18 — ታላቁ ቤተ መንግሥት

በዚሁ ቤተ መንግሥት ግቢ ያለው አንድነት ፓርክ በ2012 መስከረም መጨረሻ ላይ ሲከፈት መደበኛው መግቢያ 200 ብር፣ ቪአይፒው 1000 ብር ነበር። አሁን ስንት እንደሆነ የአክስቴ ልጅ በስልኳ ከፍላ አልነግርህም አለችኝ። እንግዳ ነህ ብላ ነው። ድሬ ስትመጣ ሐሊም ጋብዤ እከፍላታለሁ።

አራት ኪሎ ስንወርድ የጫማዬ ሶል ተገነጠለ። ከፊቱ አፉን ከፍቶ ነው የሚራመደው። በዚህ ጫማ የምኒልክን ቤት አልረግጥም ብዬ ሊስትሮ ፈለግኩ። ልጁ በማስቲሽ ለጥፎ፣ ዙሪያውን ሰፍቶ 80 ብር ተቀበለኝ። "ቤተ መንግሥት ነው የምትገባው? እንግዲያ ልጥረገው" ብሎ ሌላ 20 ጨመረብኝ።

ምኒልክ ከተማዋን ሲቆረቁሩ ጀምሮ መንግሥት ከዚህ ግቢ ወጥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ዛሬም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው። ለሕዝብ የተከፈተው ከፊሉ ነው። ይህ ነገር በመጀመሪያ ይከብዳል። ፎቶ ልታነሳ ስትዞር የማትዞርበት አቅጣጫ አለ።

ግን የታደሱት ቤቶች በእውነት ያምራሉ። የምኒልክ ግብር አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ጣሪያውን ሳይ አንገቴ ታመመ። በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ በተራ ገብቶ ሥጋና ጠጅ የጠገበበት ቤት ነው። ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ለግብዣ ይውላል፣ ስለዚህ አዳራሹ ሥራውን አልተወም፤ የተቀየረው ታዳሚው ነው። እንቁላል ቤት የሚባለውን ይበልጥ ወደድኩት። ትንሽ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ምኒልክ ከዚያ ሆነው ከተማውን ይቃኙ ነበር። እንጨቱ ላይ ያለውን ሥራ ያየ ሰው ሐረር ራስ ተፈሪ ቤት ትዝ ይለዋል። የእኛዋ የሐረሯ ዛሬ የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ናት፤ አንድ ሰው በግሉ የሰበሰበው የእጅ ጽሑፍና ሳንቲም የራስ ተፈሪን ቤት ሞላው። እዚህ በመንግሥት አቅም የተሠራውን እዚያ አንድ ሰው በትዕግሥት ሠርቶታል። ይቺን ለአክስቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ነገርኳት።

ዙፋን ቤቱ ላይ ዝምታ ነው። ከላይ ዙፋኑ፣ ከሥሩ ደርግ የንጉሡን ሹማምንት ያጎረበት ምድር ቤት። ደረጃውን ስትወርድ ወጣቶች ሳይቀሩ ስልካቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 የተረሸኑትን ባለሥልጣናት ስም የማያውቅ የለም፤ የታሰሩበትን ግድግዳ ማየት ግን ሌላ ነው። ንጉሡም በዚሁ ግቢ ነው የሞቱት። አፅማቸው የተገኘው በ1984 ነው፣ የሥላሴ ካቴድራል የገባው በ1993። አዳሾቹ ይህንን ክፍል በቀለም አልሸፈኑትም። ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል።

አራዊቱንና የክልሎቹን ድንኳኖች በጥድፊያ አለፍኩ። ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳ ተኝቶ ነበር። ሰው ሁሉ ግን እዚያ ነው ያለው፤ የምኒልክ ቤት ውስጥ አሥር ሰው፣ አንበሳው ጋ መቶ ሰው። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ "እየው፣ እየው" ይላል። እሱም እኮ ቤተ መንግሥት ገብቷል። አያቱ ይቺን አጥር በውጭ በኩል ብቻ ነው የሚያውቃት።

ረቡዕ፣ የካቲት 19 — አፍሪካ አዳራሽና ለገሃር

አፍሪካ አዳራሽ በስም ዝርዝርና በመታወቂያ ነው የሚገባው። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ቀድማ አስመዝግባን ነበር። ይሄም የሜዜዲሚ ሥራ ነው፣ ጥር 1953 የተከፈተ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 የተፈረመው እዚህ ነው። ባለፈው ጥቅምት ከረጅም እድሳት በኋላ ተከፍቷል። የተባበሩት መንግሥታት ለእድሳቱ የመደበው በጀት ከ56 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ይህን በብር ልመታው ጀመርኩና ተውኩት።

ስለ አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል መጻፍ ይከብደኛል። 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የአፍሪካ ትናንት፣ ዛሬና ነገ። በፖስታ ካርድ ሳየው ደማቅ ነበር፣ እዚያ ግን ብርሃኑ ወለሉ ላይ ይወርድና ሱሪህን ቀይ ያደርገዋል። የቡድናችን ሰዎች ተራ በተራ ቀዩ ውስጥ እየቆሙ ፎቶ ተነሱ። እኔም ተነሳሁ። የአዳራሹ ወንበሮች የዚያን ዘመን መልክ ይዘዋል። አድሰው አዲስ አላስመሰሉትም፤ ገንዘብ ላለው ሰው ይህ ከባድ ፈተና ይመስለኛል።

ከዚያ ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ። ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትን በአጥሩ በኩል ብቻ አየሁት። ንጉሡን መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ያወጧቸው ከዚህ በር ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ እድሳቱን ታኅሣሥ ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት መጥተው መርቀዋል። እግሬ አልቻለም፣ ለሌላ ጊዜ ይሁን አልኩ።

ለገሃር ግን ሳልደርስ አልመለስም። ጣቢያው በ1920ዎቹ የተሠራ ነው። ፊቱ ያለው አንበሳ ጣሊያኖች ሮም ወስደውት የተመለሰ ነው። ሕንፃው ቆሟል፣ ዙሪያው ግን ክሬን ብቻ ነው። አዲስ ሰፈር እየተሠራ ነው። የእኛ ባቡር በ1895 ድሬ ሲደርስ አዲስ አበባ ገና ትጠብቅ ነበር፤ ባቡር ያየችው በ1909 ነው። ይህን ለጥበቃው ነገርኩት። "እና?" አለኝ። ትክክል ነው።

የድሮውን የጣቢያ ሕንፃ ከነዚህ ፎቆች መሀል ምን እንደሚያደርጉት ገና ጊዜ ያሳያል። የምሰጋው ሆቴል መግቢያ ላይ እንደሚቀመጥ ትልቅ ጌጥ እንዳይሆን ነው፤ ያማረ፣ ግን ማንም ጉዳይ የሌለው።

ሐሙስ ምንም አላየሁም። አክስቴ ሦስት ጊዜ ቡና አፈላች፣ ሻንጣዬን በሽሮና በበርበሬ ሞላችው። ድሬ በርበሬ የለም እንዴ ብላት ተቆጣች።

ዓርብ፣ የካቲት 21 — ድሬ

መንገዱ ሰላም ነበር፣ ጎማውም ክሪኩም አልተፈለገም። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ረመዳን ነገ ይገባል ይገባል እየተባለ ነው። ከፊራ ገበያ ላይ ተምር የሚገዛው ሰው መንገዱን ዘግቶታል። ሻንጣዬን ቤት ጥዬ ጓደኞቼ ወደሚቀመጡበት ቤት ሄድኩ።

ያየሁትን ሁሉ ተረኩ። ከዚያ ጨዋታው ወደ ጣቢያችን ዞረ፤ ግንባሩ ላይ የፈረንሳይኛው ስም ወዳለበት፣ አዳራሹ ባዶ ወደሆነው፣ ዎርክሾፑ ከነማሽኖቹ ለጎብኚ ወደሚታየው። አንዱ ሆቴል ይሁን አለ። ሌላው ቀዝቃዛ ካፌ፣ ሌላው የከተማው ሙዚየም። እኔ የስድስት ኪሎውን አነሳሁ፤ ለዩኒቨርሲቲው ይሰጥ፣ ወጣት ይግባበት፣ ማሽኖቹ ላይ ተማሪ ይማርባቸው አልኩ። ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ አሉ፣ ሁሌ ጥግ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሦስት አሥርት ዓመት ሸማንደፈር ዎርክሾፕ ውስጥ ነው የሠሩት፤ ፈረንሳይኛቸው አሁንም ከእኛ አማርኛ ይፈጥናል።

"ሕንፃው ምን ሆነና ነው ሥራ የምትፈልጉለት?" አሉ። "ሥራ አለው እኮ። ባቡር ነው የጠፋው።"

ባቡሩ ተመልሶ አይመጣም፣ ሐዲዱ ራሱ አልቋል አልናቸው። እሳቸው ጣቶቻቸውን እየቆጠሩ የትኛው ድልድይ ደህና እንደሆነ፣ የትኛው ማሽን ዘይት ቢነካ እንደሚነሳ ይዘረዝሩ ጀመር። አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ይጽፍላቸዋል። እስከ ኤረር ድረስ ደርሰው ነበር፣ ጨረቃዋ ታየች ተብሎ ሰው ተነሳ።